ውዴ ትችላለች

በእኛ ቤት ጤነኛዋ እኔ ነበርኩ። ይህን እንደ ሹመት የሚያየው ሰው ካለ መጥቶ ይውሰደው፤ እኔ አራት ዓመት ሙሉ ተሹሜበት ያተረፍኩት ነገር ቢኖር የወገብ ሕመም ነው።

ወንድሜ አምሀ ይወድቅ ነበር። የሚጥል በሽታ የያዘው በአምስት ዓመቱ፣ ከድሬዳዋ ጅቡቲ በገባን በወራት ውስጥ ነው። አባታችን ጉታ የባቡር ፍሬን ያዥ ስለነበረ ከጅቡቲው ባቡር ጣቢያ፣ ከለገሃር ጀርባ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ተሰጥቶን እዚያ እንኖር ነበር። አባባ በሳምንት አንድ ቀን እንደ እንግዳ ብቅ ይላል፤ ሌላውን ቀን ሐዲድ ላይ ነው። እናታችን ትርንጎ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚሉት ሰፈር ለሚኖሩ ፈረንጆች ልብስ ትተኩሳለች። እንግዲህ አምሀን የሚጠብቅ ማን ይሆናል? እኔ ነኛ! ሲጀመር ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ይህ የማጫውታችሁ ነገር የሆነው በ1917 ዓ.ም. ነው፤ አሥራ ሦስት ሞልቶኝ ነበር።

ሥራዬን በቃሌ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የአምሀ ዓይን አንድ ቦታ ላይ ፈጦ ይቀራል። ቀጥሎ እጁ ወደ አንገቱ ይሄድና ክታቡን ይበጥስና ይወረውረዋል። ከዚያ ይወድቃል። ድንጋይ ካለ ከሥሩ አነሳለሁ፣ ነጠላዬን አጣጥፌ ራሱ ሥር አደርጋለሁ፣ በጎኑ አስተኛዋለሁ፣ አረፋውን እጠርጋለሁ፣ ሊያይ የተሰበሰበውን ሰው እሰድባለሁ። መንፈራገጡ ቆሞ እንቅልፍ ሲወስደው ደግሞ ክታብ ፍለጋ እወጣለሁ። ክታቡ በቀይ ቆዳ የተሰፋ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ነገር ነው፤ እሱ ሲወረውረው ግን ግማሽ ሰፈር ያቋርጣል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አውርጄዋለሁ። ከፍየል አፍ ነጥቄዋለሁ። አንዴ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ አውጥቼዋለሁ። አንድ ቀን ባጣው እጄን አጣጥፌ ቤት ብገባ፣ በልጅ ላይ እጇን አንስታ የማታውቀው እማዬ በጥፊ አጮለችኝ። ማታውኑ ሌላ አስጻፈችለት።

"በሽታው ነው የሚያስወረውረው" ትል ነበር። "ክታቡ ያቃጥለዋላ! ስለዚህ ከመጣሉ በፊት ያስወልቀዋል።" ሁላችንም አመንን። ለምን አናምን?

አንጀቴን የሚያሳርር ሌላም ነገር ነበር። አምሀ ሲነቃ፣ ምላሱ ገና ሳይላቀቅ፣ የመጀመሪያ ቃሉ ሁልጊዜ አንድ ነው።

"እታለም፣ ደህና ነሽ?"

እሱ ወድቆ፣ እሱ አረፋ ደፍቆ፣ እኔን ደህና ነሽ! ጎረቤቶቻችን ይህን እየሰሙ በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔ ግን ፀሐይ ላይ ስንከራተት ቆይቼ ስለምመለስ ሳቅ አይመጣልኝም። "እኔ ምን እሆናለሁ? አንተ ብሎ ጠያቂ!" እልና ክታቡን አንገቱ ላይ አጥብቄ እቋጥረዋለሁ። አንዳንዴ ሆን ብዬ ከልክ በላይ አጠብቀዋለሁ።

ቤታችን ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የምትነገር አንዲት አባባል ነበረች። ውሃ ማን ይቅዳ? ውዴ ትችላለች። ሥጋው ለአምሀ ይሁን፣ ውዴ በሽሮ ትችላለች። ለአምሀ አዲስ እጀ ጠባብ ይሰፋለት፣ ውዴ በአሮጌው ትችላለች። ወባ ይዞኝ ሦስት ቀን ስንቀጠቀጥ እንኳ፣ እማዬ መጥታ ግንባሬን ዳሰስ አደረገችና ለረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ "አይዞሽ፣ አንቺ ትችያለሽ" ብላኝ ወደ ካውያዋ ተመለሰች። ያኔ ምስጋና መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ኮርቻለሁ።

ክታብ እኔም ነበረኝ። አምሀ በታመመ በዓመቱ ለሁለታችንም የጻፉልን የኔታ ወልደየሱስ ናቸው። የኔታ ከሐረር የወረዱ መሪጌታ ሲሆኑ፣ በባቡር ሠራተኞች ሰፈር ልጆች ያስተምራሉ፤ ለታመመ ክታብ፣ መጻፍ ለማይችል ደብዳቤ ይጽፋሉ። እኔ ሳልታመም ለምን ክታብ እንዳስፈለገኝ እማዬን ጠይቄያት ነበር።

"እንዳይጋባብሽ" አለችኝ።

ደስታዬን አልነግራችሁም። በዚያ ቤት ውስጥ ለእኔ ተብሎ የተሠራ ነገር እሱ ብቻ ነበር። ሦስት ዓመት አንገቴ ላይ ሲኖር አንድ ቀን አላወለቅኩትም። ስተኛ በመዳፌ ይዤው እተኛ ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ንባቤ ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። የኔታ የሚያስተምሩት ወንዶቹን ነው። እኔ አምሀን አድርሼ፣ ቢወድቅ ላነሳው ደጃፉ ላይ ቁጭ እላለሁ። አምሀ ፊደል አልገባ አለው፤ ዛሬ ቢይዝ ነገ ሲወድቅ ይጠፋበታል። እኔ ግን ሌላ ምን ሥራ አለኝ? ከግድግዳው ጥላ ሥር ሆኜ መጀመሪያ ፊደሉን ለቀምኩ፤ ቀጥሎ አቡጊዳውን፣ ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስን። ወንዶቹ ዳዊት ሲጀምሩ እኔም አብሬ በለሆሳስ ጀመርኩ። የኔታ አንድ ቀን ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተው፣ "አንቺ ልጅ፣ ጥርስሽን ያምሻል እንዴ?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ቅርንፉድ ሰጡኝ። ሴት ልጅ፣ ያውም በሽተኛ ጠባቂ፣ ታነባለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ሐምሌ ነበር። ያን የበረሃ ነፋስ፣ ኸምሲን የሚሉትን፣ ጅቡቲ ኖሮ የማያውቅ ሰው ምን ብዬ ላስረዳው? የምድጃ አፍ ላይ ቆሞ እንደ መዋል ነው። ከረፋዱ ላይ ውሃ ቀድቼ ስመለስ አንገቴ ላይ የሆነ ነገር ተላቀቀ። ላብና ጨው የክታቤን ስፌት በልቶ ጨርሶት ኖሮ ቆዳው ተተርትሮ ብራናው ተንጠለጠለ። ደንግጬ እንስራዬን አወረድኩ። ክታብ አይከፈትም፤ የከፈተው ሰው መዓት ይወርድበታል ይባላል። ግን እኔ አልከፈትኩትም፤ ራሱ ነው የተከፈተው። ማንበብ የሚችል ሰው ደግሞ ፊደል አይቶ ዓይኑን አይጨፍንም።

የየኔታ እጅ ጽሕፈት ነው። "አድኅኖ እምደዌሁ ለገብርከ ገብረ ኪሮስ" ይላል። ግዕዙ አልከበደኝም፤ አገልጋይህን ገብረ ኪሮስን ከደዌው አድነው ማለት ነው። ደግሜ አነበብኩት። ገብረ ኪሮስ አምሀ ነው። የእኔ የክርስትና ስም ወለተ ሐና ነው። የክርስትና ስማችንን ከቤተ ሰብና ከካህን በቀር የሚያውቅ የለም፤ ለክፉ ሥራ እንዳይውል ይደበቃል። ታዲያ የእሱ ስም በእኔ አንገት ምን ይሠራል?

መጀመሪያ የመጣልኝን ሐሳብ ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል። ደስ አለኝ! እማዬ ማንበብ አትችልም፤ ስታስርልን ተሳስታለች። የእኔን ለእሱ፣ የእሱን ለእኔ! አምሀ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ጸሎት አንገቱ ላይ ተሸክሞ የሚድነው በምኑ ነው? ደርሼበታለሁ! እንስራውን እዚያው ጥዬ፣ ብራናዬን ጨብጬ ሮጥኩ። ወንድሜን ላድነው ነው፣ ከዚያ ቤታችን እንደ ሰው ቤት ሊሆን ነው፣ ከዚያ ማንም "ትችላለች" አይለኝም።

እማዬ የፈረንጅ ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። አምሀ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቷል።

"እማዬ! ተሳስተሽ ነው እኮ! ክታባችን ተለዋውጧል! ይኸው፣ የእኔ ላይ ያለው የአምሀ ስም ነው። ለዚህ ነው ያልዳነው!"

እልል ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ቀና እንኳ አላለችም። ካውያው ሸሚዙ ላይ እንዳለ ቆመ።

"ማን አነበበልሽ?" አለች።

"እኔው ነኝ ያነበብኩት።"

"አንቺ?"

"አዎ፣ እኔ። እማዬ፣ እንቀይረው በያ! አሁን እንቀይረው!"

"ድምፅሽን ቀንሺ። ለማንም እንዳትናገሪ። ለአባትሽም ቢሆን።"

"ለምን?"

"አልተሳሳትኩም" አለችኝ።

ምንም አልገባኝም። ቆሜ አየኋት። ያን ጊዜ ቀና አለችና በፍጥነት፣ እንደ ንስሐ ነገር፣ መናገር ጀመረች። ደዌ ሰውን የሚያውቀው በክርስትና ስሙ ነው ብለዋታል የኔታ። ገብረ ኪሮስን ሊጥል ሲመጣ ወለተ ሐና የሚል ካገኘ፣ ይህስ የእኔ አይደለም ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ስማችሁ ይለዋወጥ አሏት፤ ተለዋወጠ።

"አልፎስ?" አልኩ። "አልፎ ወዴት ይሄዳል?"

የሸሚዙን እጅጌ በጣቷ ማቃናት ጀመረች።

"እማዬ፣ ገብረ ኪሮስ የሚለው የተንጠለጠለው እኔ አንገት ላይ ነው። ወዴት ነው የሚሄደው?"

"በዚያን ሰሞን በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ወደቀብኝ፣ ውዴ። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ሊሞትብኝ ነበር።"

"የኔታን ጠይቀሻቸዋል? ወዴት እንደሚሄድ?"

"ጠይቄያቸዋለሁ።"

"ምን አሉሽ?"

"ጤነኛ ሰው ላይ ቢያርፍም ይችለዋል አሉኝ።"

"አንቺስ ምን አልሻቸው?"

የሚቃጠል ጨርቅ ሸተተኝ። ከካውያው ሥር ጭስ ይወጣል፤ እማዬ በሕይወቷ አንድ ሸሚዝ አቃጥላ አታውቅም ነበር። አላነሳችውም።

"ውዴ ትችላለች አልኳቸው" አለች።

እጄ፣ እግሬ፣ ጆሮዬ፣ ሁሉም የሌላ ሰው ሆነብኝ። ስትናገር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ "ይኸው ሦስት ዓመት ምን ሆንሽ? ምንም አልሆንሽም" ትላለች መሰለኝ። እኔ ግን የማስበው ያን የወባ ቀን ነበር። ግንባሬን ዳስሳ ዓይን ዓይኔን ያየችኝ ለካ ሌላ ነገር ፈልጋ ነው! መጣባት ወይስ አልመጣባትም ብላ ነው! ቢመጣብኝ ኖሮስ? ታለቅስ ነበር ወይስ እፎይ ትል ነበር? ይህን ጥያቄ እስካሁን መልሼው አላውቅም፤ እሷም ሳትነግረኝ አለፈች።

የተተረተረውን ክታብ ከአንገቴ በጥሼ ወለሉ ላይ ጣልኩና ወጣሁ።

አባባ ያለበት ባቡር የዚያን ቀን ከሰዓት ይገባ ነበር። ለገሃር ሄጄ እጠብቀዋለሁ፤ ድሬዳዋ አክስታችን ዘንድ ውሰደኝ እለዋለሁ። ከእንግዲህ አምሀን የሚያነሳ ያንሳው። ክታብ የሚፈልግ ይፈልግ። ቀትር ስለነበር ጣቢያው ጭር ብሏል፤ ተሸካሚዎቹ መጋዘኑ ሥር ተጋድመዋል። ሐዲዱ ዳር ጥላ ይዤ ተቀመጥኩና ራሴን መመርመር ጀመርኩ። እጄን ዘረጋሁ፤ ይንቀጠቀጣል። መጣብኝ እንዴ? ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። እንዲህ የፈራሁበት ቀን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

ዞር ስል አምሀን አየሁት። ብቻውን ከደጃፋችን ወጥቶ የማያውቀው ልጅ፣ ራሱን ሳይሸፍን፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሐዲዱን እየተሻገረ ይመጣል።

"ተመለስ!" ብዬ ጮህኩበት። "ተመለስ ብዬሃለሁ! ብትወድቅ አላነሳህም! ሰማህ? ከእንግዲህ አላነሳህም!"

አሥር እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ።

"አልጠጋሽም" አለኝ።

"ምን ፈልገህ ነው ታዲያ?"

"ቤት ሳለሁ ሸተተኝ። አንቺ ደግሞ የለሽም።"

ምን እንደሚያወራ አልገባኝም። ወዲያው ዓይኑ ፈጦ ቀረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ሳይ ወደ መሬት ነው የማየው፤ ድንጋይ አለ ወይ፣ ስለት አለ ወይ ብዬ። ያን ቀን ግን ላላነሳው ቆርጬ፣ እጄን አጣምሬ ቁጭ ብዬ አየሁት። ስለዚህ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ልብ ብዬ አየሁ።

እጁ አልተንቀጠቀጠም። በሽታው ገና አልያዘውም። በሁለት እጁ የክታቡን ክር ያዘ፤ ጥርሱን ነክሶ በጠሰው። ወደ እኔ አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ፣ እኔ ካለሁበት በተቃራኒው፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረውና "እታለም፣ ራቂ!" ብሎ ጠጠሩ ላይ ወደቀ።

እግሬ ሳያማክረኝ ሮጠ። ግንባሩ ተፈንክቶ ደም በደም ሆኗል። በጎኑ አስተኛሁት፣ ነጠላዬን ራሱ ሥር አደረግኩ፣ አረፋውን ጠረግኩ። ተሸካሚዎቹ ነቅተው ሲሰበሰቡ በአማርኛም በሶማልኛም በማውቀው ሁሉ ሰደብኳቸው። መንፈራገጡ ሲቆም ግን ክታቡን ልፈልግ አልተነሳሁም። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ፀሐዩን በጀርባዬ ከለልኩለት።

ብዙ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ።

"እታለም፣ ደህና ነሽ?"

የግንባሩን ደም በመዳፌ ጠረግኩለት።

"አምሀ፣ ክታቡን ለምንድን ነው የምትወረውረው?" አልኩት።

"የአንቺ ስም ነዋ" አለኝ፣ ይህንንም አታውቂም ወይ በሚል ድምፅ።

"ማን ነገረህ?"

"የኔታ ለእማዬ ሲነግሯት ወድቄ ነበር። የተኛሁ መሰላቸው። ሰማኋቸው።"

"የዚያን ጊዜ? ስድስት ዓመትህ እኮ ነበር!"

"ሊመጣ ሲል ይሸተኛል። የተቃጠለ ጨርቅ፣ የተቃጠለ ጨርቅ ይለኛል። ያኔ ስምሽን አወጣዋለሁ። እኔ እዚህ መሆኔን እንዲያውቅ።" ምላሱን ነክሶት ስለነበረ እየተኮላተፈ ነው። "አንዳንዴ ግን አልደርስም። እጄ እምቢ ይለኛል። ስነቃ ወደ አንቺ ሄዶ ይሁን አይሁን አላውቅም።"

ከጣሪያ ላይ ያወረድኩት፣ ከፍየል አፍ የነጠቅኩት፣ ጭቃ ገብቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሱ በሦስት ዓመት ስንት ጊዜ በጥሶ ጣለው? እኔ ስንት ጊዜ መልሼ አንገቱ ላይ ቋጠርኩት? ያውም አጥብቄ! ስሜን አንገቱ ላይ እየቋጠርኩ "እኔ ምን እሆናለሁ" እያልኩ የጮህኩበት ጊዜ ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ጆሮዬ ተመለሰ።

"አልመለስሽልኝም" አለ። "ደህና ነሽ ወይ?"

"ደህና ነኝ" አልኩት። "ምንም አልነካኝም፣ አምሀዬ። ደህና ነኝ።"

የአባባ ባቡር ከሩቅ ሲያፏጭ ሰማሁት፤ አልጠበቅኩትም። አምሀን አዝዬ፣ ሐዲዱን ተሻግሬ፣ ወደ ቤት ተመለስኩ። ደሙ በትከሻዬ ላይ ይወርዳል። እማዬ የተቃጠለውን ሸሚዝ እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። መጀመሪያ የእሱን አንገት አየች። ቀጥላ የእኔን። ሁለታችንም ባዶ አንገታችንን ነበርን።

"ክታቡስ?" አለች። ድምፅዋ አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል።

ብዙ ልናገራት አፌን ከፍቼ ነበር። የሰማሁትን ሁሉ ላወርድባት ነበር። ግን አምሀ ቀደመኝ። ራሱን ከትከሻዬ ላይ ሳያነሳ፣ በዚያ በተነከሰ ምላሱ ተናገራት።

"ተይው እማዬ። እኔ እችለዋለሁ።"

እማዬ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ሸሚዙን በሁለት እጇ ይዛ፣ የተቃጠለውን ቦታ ደጋግማ በመዳፏ ትጠርገው ነበር።